በሣር ሜዳና በጓሮ የሚበቅለው የዱር ጄራኒየም፦ ከመንቀልዎ በፊት የትኛው እንደሆነ ይለዩ

ይህን አረም አብዛኞቻችን ልብ የምንለው አበባ ካወጣ በኋላ ነው። ሣሩ መሐል ወይም የአትክልት መደቡ ጠርዝ ላይ ከጥፍር የማይበልጥ ሐምራዊ አበባ ብቅ ይላል። ጎንበስ ብለን ስናየው፣ እንደተዘረጋ መዳፍ በጣት በጣት የተከፈለ ክብ ቅጠል መሬቱ ላይ ተነጥፎ እናገኛለን። ልንቀለው ወይስ ልተወው የሚለው ጥያቄ ያኔ ይመጣል።

«የዱር ጄራኒየም ነው» የሚለው መልስ ብቻውን አይበቃም። በዚህ ስም የሚጠሩት ብዙ ናቸው፤ በአንድ ወቅት በቅሎ፣ ዘርቶ፣ ደርቆ የሚያልፍ አረምም አለ፣ ለዓመታት በአንድ ቦታ የሚኖርና ሰው ፈልጎ የሚተክለው አበባም አለ። ጄራኒየም ሳይሆኑ ቅጠላቸው ጄራኒየም የሚመስልም አሉ፤ ከነሱ አንዱ ብርቱ መርዝ ነው። እኔ ለረጅም ጊዜ ቅጠል እያየሁ ብቻ እፈርድ ነበር። አንድ ቀን ወዳጄ የሰጠችኝን፣ ከዓመት ዓመት የሚያብብ ጄራኒየም ከአረሙ ጋር ነቅዬ ጣልኩ። ስህተቴን ያወቅሁት ሥሩን ሳይ ነው፤ ወፍራም፣ አግድም የተኛ ሥር ነበር። ከዚያ ወዲህ ቅጠሉን የማየው መጨረሻ ላይ ነው። ከሁሉ በፊት ፍሬውን፣ ቀጥሎ አንጓውን፣ ከዚያ አበባውን አያለሁ።

ፍሬው ቀድሞ ይናገራል

ጄራኒየም የሚለው ስም የመጣው ጌራኖስ ከሚለው የግሪክ ቃል ነው፤ ትርጉሙ ሽመላ የሚመስል፣ ምንቃረ ረጅም ወፍ ማለት ነው። ስሙን ያሰጠው ፍሬው ነው። የአበባው ቅጠሎች ከረገፉ በኋላ መሐሉ እየረዘመ ሄዶ ቀጥ ያለ፣ ጫፉ የሾለ ምንቃር ይሆናል። ከምንቃሩ ሥር አምስት ትናንሽ የዘር ኪሶች ዙሪያውን ተደርድረዋል፤ በእያንዳንዱ ኪስ ውስጥ አንድ ዘር አለ። ይህን ካዩ የጄራኒየም ቤተሰብ እጅዎ ውስጥ ነው። ገና አበባ ላይ ከሆነ ደግሞ ጥቂት ቀን ይታገሡ፤ እንቡጥ፣ አበባና ምንቃር አንድ ተክል ላይ አብረው የሚታዩበት ጊዜ ብዙ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የስም መደናገር አለ። በሸክላ ተተክሎ በረንዳ ላይ የሚቀመጠውንና ሁላችንም ጄራኒየም የምንለውን አበባ የዕፅዋት ተመራማሪዎች ፔላርጎኒየም ይሉታል። ካርል ሊኔየስ እ.ኤ.አ. በ1753 ሁለቱንም በአንድ ወገን አስቀምጧቸው ነበር። ፈረንሳዊው ሌሪቲዬ በ1789 ፔላርጎኒየምን ለይቶ አወጣ፤ የሰው አፍ ግን በአሮጌው ስም ቀረ። ልዩነቱ በአበባው ይታወቃል። እውነተኛው ጄራኒየም አምስት እኩል የአበባ ቅጠል አለው፤ በየትኛውም በኩል ቢያዞሩት አንድ ነው። የሸክላው ግን ሁለቱ የላይኞቹ ቅጠሎች ከሦስቱ የታችኞቹ ይለያሉ። ስለዚህ ስለ ሸክላው ጄራኒየም የተጻፈ የእንክብካቤ ምክር ሣርዎ ውስጥ ላለው ተክል አይሠራም።

ጄራኒየም ነው ወይስ የሚመስለው?

ምንቃር ገና ከሌለ አንጓውን ይዳስሱ። የጄራኒየም ግንድ ቅጠል በሚወጣበት ቦታ ሁሉ ያበጠ ነው፤ እንደ ጉልበት ጎላ ብሎ ይታያል፣ በጣትም ይታወቃል። ከአንጓው ብዙውን ጊዜ ሁለት ቅጠሎች ፊት ለፊት ይወጣሉ፤ በእግራቸው ሥር ጥቃቅን፣ ስስ ቅርፊት መሰል ቅጠሎች አሉ።

ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳስተው ማልቫ ነው፤ ልት የምንለው ተክል የሚመደብበት ወገን። ቅጠሉ ክብ፣ አበባውም ሐምራዊና ጫፉ የተሰነጠቀ ስለሆነ ሰው ቢሳሳት አይደንቅም። ነገር ግን የማልቫ ቅጠል ጥልቅ ጣት የለውም። ጠርዙ ላይ ብቻ ጎድጎድ ይላል፤ እንደ ማራገቢያም የታጠፈ መስመር ይታይበታል። በጣት ሲያሹት ያሟልጫል። አበባው ውስጥ ያሉት የወንዴ ክሮች አንድ ላይ ተጣብቀው መሐሉ ላይ ቱቦ ሠርተዋል፤ የጄራኒየም ክሮች ግን እንዲህ ወደ ቱቦ አይጣመሩም። ፍሬው ምንቃር ሳይሆን እንደ መንኮራኩር የተከፋፈለ ጠፍጣፋ ክብ ነው። ይህን መለየት ለሥራው ይጠቅማል፤ የማልቫ ዋና ሥር ወደ ታች ጠልቆ የሚሄድ ብርቱ ሥር ስለሆነ እንደ ዱር ጄራኒየም በእጅ ሳብ ተደርጎ የሚወጣ አይደለም።

ራኑንኩሉስ ሬፔንስ የሚባለው በመሬት ላይ የሚሳብ አረም ሳያብብ ያደናግራል። ቅጠሉ በሦስት ይከፈላል፤ መሐለኛው ክፍል የራሱ ዘንግ አለው፤ ብዙ ጊዜም ፈዘዝ ያለ ነጠብጣብ ይታይበታል። ሲያብብ የሚያብረቀርቅ ቢጫ ነውና ጥያቄው ያበቃል። ፈሳሹ ቆዳ ስለሚያስቆጣ ጓንት አይርሱ። ግሌኮማ የሚባለው አረም ደግሞ ቅጠሉ ክብ ቢሆንም ጣት የለውም፣ ግንዱ አራት ማዕዘን ነው፣ ሲታሽ እንደ ናና ዓይነት ይሸታል፤ ከዚህ በላይ ጊዜ አይፈልግም።

ኤሮዲየም ሲኩታሪየም የቅርብ ዘመድ ነው። ምንቃርም አለው፤ እንዲያውም ምንቃሩ ከጄራኒየሙ ይረዝማል። ቅጠሉ ግን እንደ መዳፍ ሳይሆን እንደ ላባ ነው፤ በአንድ ዘንግ ግራና ቀኝ ትናንሽ ክፍሎች ተደርድረውበታል። የዘሩ አካሄድ ያስደንቃል። እያንዳንዱ ዘር ከምንቃሩ የወረሰውን ረጅም ጭራ ይዞ ይወድቃል። ጭራው ሲደርቅ እንደ ቡሽ መንቀያ ይጠማዘዛል፣ ሲረጥብ ይፈታል፤ እንዲህ እየተመላለሰ ዘሩን አፈር ውስጥ ይሰረስረዋል። ስለዚህ መሬት ላይ የተጠማዘዘ ጭራ ያለው ዘር ካገኙ ያ ኤሮዲየም ነው። እንደ አረም ግን የሚደረግበት ከጄራኒየሙ አይለይም።

አሁን መርዘኛው። አኮኒተም የሚባለው የአበባ ተክል ቅጠሉ እንደ መዳፍ በጥልቅ የተከፈለ ነው፤ ገና ከመሬት ሲወጣ ከትላልቆቹ ጄራኒየሞች ጋር ሊምታታ ይችላል። ቅጠሉ ለስላሳና ጠቆር ያለ አረንጓዴ ነው፣ ግንዱ ቀጥ ብሎ ይወጣል፣ አንጓው አያብጥም፣ ቅጠሎቹም በግንዱ ላይ ተራ በተራ ይወጣሉ እንጂ ፊት ለፊት አይወጡም። አበባው ቆብ የደፋ ይመስላል፤ ብዙ ጊዜ ደማቅ ሰማያዊ ወይም ወይን ጠጅ ነው። ሁሉም ክፍሉ መርዝ ነው፤ ሥሩ ይከፋል። ጥርጣሬ ካለ በባዶ እጅ አይንኩት፣ ልጆችንም አያስጠጉ። የዱር ጄራኒየም ቅጠል ለሻይ ወይም ለመድኃኒት ይሆናል ሲባል ሰምተው ከጓሮ ለመቅጠፍ የሚያስቡ ካሉ፣ ይህ አንቀጽ የተጻፈው ለእነሱ ነው።

ከጄራኒየሞቹ መካከል

ጄራኒየም መሆኑ ከተረጋገጠ የመጀመሪያው ጥያቄ የዝርያ ስም አይደለም። በአንድ ወቅት የሚያልቅ ነው ወይስ ለብዙ ዓመት የሚኖር? ይህን በአበባው ስፋት መገመት ይቻላል። አረም የሚሆኑት ትናንሽ ናቸው፤ አበባቸው አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ሴንቲሜትር ብዙም አይርቅም፣ ትልቁም ሁለት ሴንቲሜትር ቢደርስ ነው። አበባው ከሁለት ሴንቲሜትር ተኩል በላይ ከሰፋ እጅዎን ይሰብስቡ። ለምሳሌ ጄራኒየም ማኩላቱም የምሥራቅ ሰሜን አሜሪካ የደን አበባ ነው። ከሁለት ሴንቲሜትር ተኩል እስከ አራት የሚሰፋ ሐምራዊ አበባ አለው፣ ከወፍራም አግድም ሥር በየዓመቱ ይበቅላል፤ በእንግሊዝኛው ዓለም «የዱር ጄራኒየም» የሚባለውም ብዙ ጊዜ እሱ ነው። ስለ አረሙ የጠየቀ ሰው ስለዚህ አበባ የተጻፈ መልስ የሚያገኘው በዚህ ምክንያት ነው።

የትናንሾቹ የላቲን ስሞች መልካቸውን ስለሚናገሩ ለማስታወስ ይረዳሉ። ዲሴክቱም ማለት የተቆራረጠ ነው። ሞሌ ለስላሳ፣ ፑሲሉም ደቃቃ፣ ሉሲዱም የሚያበራ ማለት ነው።

ቅጠሉ በጥልቀት የተቆረጠ ከሆነ ምርጫው በጄራኒየም ዲሴክቱምና በጄራኒየም ካሮሊኒያኑም መካከል ነው። ዲሴክቱም ከአውሮፓ የመጣ ነው። ጣቶቹ ቀጫጭን ናቸው፤ መቆረጡም ቅጠሉ ከዘንጉ ጋር እስከሚገናኝበት ድረስ ሊደርስ ምንም አይቀረው። አበባው ደመቅ ያለ ሐምራዊ ቀይ ነው፤ ዘንጉ አጭር ስለሆነ በቅጠሎቹ መሐል ተሸሽጎ ይቀመጣል። ካሮሊኒያኑም የሰሜን አሜሪካ ተወላጅ ነው። ጣቶቹ ሰፋ ይላሉ፣ አበባው ፈዛዛ ሮዝ ወይም ነጭ ማለት ይቻላል፣ እሱም በግንዱ ጫፍ ላይ ተጨናንቆ ይወጣል። በሁለቱም እንቡጡን የሚሸፍኑት አምስት አረንጓዴ ቅጠሎች ጫፋቸው ላይ እንደ መርፌ የሾለ ነገር አላቸው። እኔ በነዚህ ሁለቱ ላይ የምተማመነው በአበባው ቀለምና በአቀማመጡ ነው። የቅጠሉ ቆረጣ ከታችኛው ወደ ላይኛው ስለሚለዋወጥ በአንድ ቅጠል መፍረድ ያሳስታል። ማጉያ መነጽር ያለው ሰው ዘሩን ቢያይ ደስ ይለዋል፤ የዲሴክቱም ዘር በግልጽ ጉድጓዶች የተሞላ ነው፣ የካሮሊኒያኑም ግን ስስ መረብ የተጣለበት ይመስላል።

ቅጠሉ ክብ፣ ጣቶቹ ጥልቀት የሌላቸውና ጫፋቸው ደብዛዛ ከሆነ፣ ሞሌ ወይም ፑሲሉም ነው። ሞሌን ቢዳስሱት እንደ ከፋይ ነው፤ ረጃጅም ለስላሳ ፀጉር ግንዱን ሸፍኖታል። የፑሲሉም ፀጉር አጭርና እኩል ነው፣ አበባውም አነስ ያለ ነው። እርግጡን የሚናገሩት ግን የወንዴ ክሮቹ ናቸው። ሞሌ አሥር ክሮች አሉት፤ አሥሩም ጫፋቸው ላይ የብናኝ ከረጢት ይይዛሉ። በፑሲሉም ከረጢት ያላቸው አምስቱ ብቻ ናቸው። ከረጢቶቹ ቶሎ ስለሚረግፉ አዲስ የፈካ አበባ ላይ ማየት ይሻላል። አበባው ካለፈ የዘር ኪሱን ይመልከቱ፤ የሞሌ ኪስ ፀጉር የለውም፣ ቆዳው የተሸበሸበ ነው፤ የፑሲሉም ደግሞ ፀጉራም ነው፣ ሽብሽብም የለውም። ይህን ሁሉ የምጽፈው ማወቅ ደስ ስለሚል ነው። ሣሩን ማጽዳት ብቻ ለሚፈልግ ሰው የሁለቱ ልዩነት ምንም አይለውጥም።

የሚለውጠው የቀሩት ሁለቱ ናቸው። ጄራኒየም ሮበርቲያኑም ቅጠሉ እስከ መጨረሻው ተከፍሎ እያንዳንዱ ክፍል ለብቻው የቆመ ቅጠል ይመስላል። ግንዱ ቀይ ነው፤ ፀሐይ ሲበረታበት ተክሉ በሙሉ ይቀላል። የአበባው ቅጠል ጫፉ አይሰነጠቅም፣ ክብ ነው። ሲነኩት ኃይለኛ ሽታ እጅ ላይ ይቀራል፤ ብዙ ሰው የተቃጠለ ጎማ ይሸታል ይላል። ጄራኒየም ሉሲዱም ደግሞ ቅጠሉ ክብ ቢሆንም ሰም የተቀባ ያህል ያበራል፤ ፀጉር የለውም ማለት ይቻላል፤ እንቡጥ ሸፋኞቹ ቅጠሎች ጎበጥ ያለ ጠርዝና አግድም መስመሮች አሏቸው። እነዚህ ሁለቱ ጥላ ይችላሉ፤ ስለዚህ ከሣሩ አልፈው ዛፍ ሥርና ጫካ ውስጥ ይገባሉ። በአሜሪካ የዋሽንግተን ግዛት ሁለቱንም በጎጂ አረም መዝገብ ውስጥ ያስገባው ለዚህ ነው። ጓሮዎ ከጫካ ጋር የሚዋሰን ከሆነ እነዚህን ሁለቱን አስቀድመው ይንቀሉ።

ከለዩት በኋላ ምን ይሻላል?

አረም የሚሆኑት ጄራኒየሞች በአብዛኛው አንድ ዓይነት ኑሮ አላቸው። ቅዝቃዜው ሲገባ ይበቅላሉ፣ በብርዱ ወራት መሬት ላይ ተነጥፈው ይቆያሉ፣ ሙቀት ሲመለስ ያብባሉ፣ ዘርተው ይደርቃሉ። የሚመለሱት በዘር ነው። ዘሩ ደግሞ ውኃ የማያስገባ ጠንካራ ሽፋን ስላለው አፈር ውስጥ ለዓመታት ይቆያል። ከዚህ የሚከተለው ነገር ግልጽ ነው፤ የትኛውንም መንገድ ቢመርጡ ቀነ ገደቡ ምንቃሩ ቡናማ የሚሆንበት ቀን ነው።

ያን ቀን የሚያከብድ ምክንያት አለ። ምንቃሩ ሲደርቅ አምስት ክሮች ሆኖ ይሰነጠቃል፤ ክሮቹም በድንገት ወደ ላይ ተጠቅልለው ዘሩን እንደ ወንጭፍ ይወረውራሉ። ዲሴክቱምና ካሮሊኒያኑም ዘሩን ብቻ ይወረውራሉ፤ ባዶ ኪሶቹ በተጠቀለሉት ክሮች ጫፍ ላይ ተንጠልጥለው ባለ ብዙ ቅርንጫፍ መቅረዝ ይመስላሉ። ሞሌ፣ ፑሲሉምና ሮበርቲያኑም ግን ኪሱን ከነዘሩ አብረው ይወነጭፋሉ። መቅረዙን ካዩ ዘግይተዋል ማለት ነው፤ ዘሩ ተክሉ ካለበት ጥቂት ሜትሮች ርቆ ሄዷል።

ለትንሽ ሣርና ለአትክልት መደብ በእጅ መንቀልን የሚያክል የለም፤ ያለ ማመንታት የምመክረው እሱን ነው። ከዝናብ ወይም ውኃ ካጠጡ በኋላ፣ ቅጠሎቹን ሳይሆን ሁሉም የሚገናኙበትን እምብርት ዝቅ ብለው ይያዙ፤ ቀስ ብለው እያዞሩ ይሳቡ። ግንዱ ተበጥሶ እምብርቱ ከቀረ መልሶ ያቆጠቁጣል፤ ቀጭን ቢላዋ አስገብቶ ከእምብርቱ በታች መቁረጥም ይበቃል። ሮበርቲያኑም ሥሩ ጥልቀት ስለሌለው በሁለት ጣት ይወጣል። ምንቃር ያወጣውን ነቅለው መደቡ ላይ አይተዉት፣ ብስባሽ ክምር ውስጥም አይጨምሩት። አንዳንዱ ምንቃር አስቀድሞ ቡናማ ከሆነ ደግሞ ተክሉን ከመንካትዎ በፊት ከረጢት ይደፉበት፤ የእጅ ንክኪ ብቻ ወንጭፉን ሊያስፈነጥረው ይችላል።

ማጨድ ብቻውን አይገድለውም። ቀጥ ብሎ የሚያድገው ካሮሊኒያኑም አናቱ ይቆረጣል፣ ዘሩም ይቀንሳል፤ ሞሌ ግን ከማጨጃው ስለት በታች ተኝቶ ያብባል። ማጨድ የሚረዳው በሌላ መንገድ ነው። የሣሩ ዓይነት ከፈቀደ ማጨጃውን ከፍ አድርጎ ሣሩን ሰባት ስምንት ሴንቲሜትር መተው መሬቱን ያጠላዋል፤ ቡቃያው ብርሃን ያጣል። ይህ አረም የሚበዛው ሣሩ የሳሳበትና መሬቱ የተገለጠበት ቦታ ስለሆነ፣ ነቅለው የከፈቱትን ቦታ ወዲያው ሣር ይዝሩበት። በአበባ መደብ ውስጥ ደግሞ ከአምስት እስከ ስምንት ሴንቲሜትር የሚሆን የእንጨት ፍቅፋቂ ወይም የደረቀ ቅጠል ሽፋን ብዙውን ቡቃያ ያስቀራል።

ፀረ አረም መድኃኒትን በተመለከተ፣ ሣሩን ትቶ ሰፋፊ ቅጠል ያላቸውን የሚያጠቃ ዓይነት አለ፤ ሁለት-አራት-ዲ፣ ሜኮፕሮፕና ዲካምባ የተቀላቀሉበት የተለመደ ነው። የሚሠራው ተክሉ ገና ትንሽ ሆኖ መሬት ላይ ሲነጠፍ ነው። አብቦ ምንቃር ካወጣ በኋላ መርጨት ትርፉ ድካም ነው፤ ተክሉ በራሱ ሊደርቅ ጥቂት ሳምንታት ቀርተውታል፣ ዘሩም ደርሷል። ዲካምባ በአፈር ውስጥ ተንቀሳቅሶ የዛፍና የቁጥቋጦ ሥር ሊጎዳ ይችላል፤ ዛፍ አጠገብ አልረጨውም። ሣሩ ውስጥ ክሎቨር (የማገጥ ወገን) ካለዎት እሱም አብሮ ይሞታል። ግላይፎሴት የሚባለው መድኃኒት ደግሞ ሣሩንም ስለሚገድል ለሣር ሜዳ አይሆንም። ምርቱ ለእርስዎ የሣር ዓይነት የተፈቀደ መሆኑን መለያ ጽሑፉ ላይ ሳያነቡ አይግዙ።

መተውም ምርጫ ነው። ትንንሾቹ አበቦች ንቦችን ይጠራሉ። የካሮሊኒያኑምን ዘር ርግቦች ይለቅማሉ። አሪሲያ አጄስቲስ የምትባል ቡናማ ቢራቢሮ አባጨጓሬዎቿን ከምታሳድግባቸው ዕፅዋት መካከል ሞሌና ኤሮዲየም ይገኛሉ። አጥር ሥር ወይም ማንም በማይረግጠው ጥግ ላይ ያለን ሞሌ እኔ አልነካውም። መደቡ ውስጥ ያለውን ግን እነቅላለሁ፤ በተለይ ሰላጣና ካሮት ገና በሚበቅሉበት ቦታ ቶሎ ሸፍኖ ያፍናቸዋል።

ይህን ሁሉ አይተውም ስሙ አልጨበጥ ካለዎት፣ ሌላውን ነቅለው አንድ ተክል ብቻ ያስቀሩ። ምንቃሩ አረንጓዴ ሳለ ግንዱን በስስ ጨርቅ ከረጢት ሸፍነው ከታች በክር ይሰሩት። ከሁለት ከሦስት ሳምንት በኋላ ከረጢቱን ነጭ ወረቀት ላይ ሲፈቱ ዘሮቹን ያገኟቸዋል። ባዶ ኪሶቹ በምንቃሩ ክሮች ላይ ተንጠልጥለው ከቀሩና ዘሩ ባለ ጉድጓድ ከሆነ ዲሴክቱም ነው። ዘሩ ከነኪሱ ወርዶ ኪሱ የተሸበሸበና ፀጉር የሌለው ከሆነ ሞሌ ነው፤ ጭራው ተጠማዝዞ ከተገኘ ኤሮዲየም። ከዚያ ከረጢቱን ከነተክሉ ያስወግዱት።